ከፏፏቴው ማዶ ያየሁት

ባለፈው ሳምንት ከወዳጄ ከሰኢድ ጋር ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ትልልቅ ሻንጣ ያዘሉ ወጣቶች ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ የት እንደሚቆም ጠየቁን። ፏፏቴ ሊያዩ ነው። ማን እንደላካቸው፣ ማን እንደፈቀደላቸው የሚጠይቃቸው የለም። ቀናሁባቸው።

በደርግ ጊዜ እኔና ሰኢድም እንደነሱ ነበርን፤ ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር፣ ቤት መቀመጥ የማይሆንልን ጎረምሶች። ከቀበሌ ያወጣነው የይለፍ ወረቀት “ኮምቦልቻ፣ ዘመድ ጥየቃ” ይላል። እኛ ግን የተነሳነው ከከተማው በላይ ባለው ደን፣ ፏፏቴው አጠገብ፣ ጉሬዛ ልናይ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው እያሸተ፣ የመንገዱ ጭቃ ደርቆ። ጀርባችን ላይ ብርድ ልብስ፣ ዳቦና ቆሎ አዝለናል። አንገቴ ላይ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የተዋስኩት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተንጠልጥሏል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መነጽር ይዞ ጉሬዛ ለማየት የሚወጣ ሰው አለ ብሎ ማን ያምናል? ይህ አልታየንም።

ደኑ አፋፍ ላይ አሮጌ ጠመንጃ ያነገቱ የገበሬ ማህበር ጥበቃ አስቆሙን። ሸምገል ያሉ፣ አፍንጫቸው እንደ ጭልፊት የተቆለመመ ሰው ናቸው።

“ወዴት ናችሁ?”

“ፏፏቴውን ልናይ ነው፣ አባባ” አለ ሰኢድ።

“ውሃ ልታዩ? ደሴ ውሃ ጠፋ?” ወረቀታችንን ገልብጠው ያዙት፤ ዓይናቸው ግን መነጽሩ ላይ ነው። “እኔው አደርሳችኋለሁ።”

ከኋላ ከኋላችን መጡ። “ወስዶ ሊያስረክበን ነው” አለኝ ሰኢድ በሹክሹክታ። ያኔ ከቁጡ ሰው ይልቅ ደግ ሰው ነበር የሚያስፈራን። የዝግባው ጥላ ከብዶ፣ እርጥብ ቅጠል እየሸተተን ስንሄድ አንዲት ድኩላ ከፊታችን ዘላ አለፈች፤ ሁላችንም ደነገጥን፤ ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ጨበጡ።

ፏፏቴው ስር ስንደርስ ካፊያው ፊታችንን አረሰረሰው። ሽማግሌው ከጉያቸው ቋንጣ ፈተው “ቢስሚላሂ፣ ብሉ” አሉን። ሰኢድ በላ። በወሎ እስላምና ክርስቲያን አብሮ ይድራል፣ አብሮ ይቀብራል፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ሆዴ እየጮኸ፣ ይቀየሙኛል ብዬ እየሰጋሁ፣ “እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አባባ፤ አይቆጡኝ” አልኳቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። “አብሽር፣ ልጄ። ካድሬ ብትሆን ትበላ ነበር። ካድሬ የእስላም የክርስቲያን አይልም።” ለካ እሳቸውም እኛን ሲፈሩ ነው የመጡት። ምን ደብቀው እንደሚፈሩ ግን ገና አልገባኝም።

ማዶ ቅርንጫፍ ሲነቃነቅ መነጽሩን አነሳሁ። ጉሬዛ አልነበረም። አንድ ጎረምሳ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቋጥኝ ስር ተቀምጧል፤ አፍንጫው የሽማግሌው አፍንጫ ነው። ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚላክበት ጊዜ ነበር። የሸሸ ልጅ ቢያዝ እሱም፣ የደበቀው አባቱም አይተርፉም።

“ምን አየህ?” አሉኝ። ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ነው።

“ጉሬዛ” አልኩ።

ሰኢድ እጁን ዘረጋ። “ወዲህ በለው፤ እኔም ልየው።”

“ሄደ” አልኩና መነጽሩን ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት።

ሽማግሌው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን። ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው፣ “አላህ ልጅ ይስጥህ፤ የሰጠህንም ያቆይልህ” አሉኝ። አሜን አልኩ።

ለሰኢድ አልነገርኩትም። ወዳጄ ነው፤ ግን ያኔ ወዳጅም ይጠረጠር ነበር። እሱም “ጉሬዛዬን ነፈግከኝ” እያለ ሲወቅሰኝ አረጀ።

ባለፈው ሳምንት እነዚያ ወጣቶች ከሄዱ በኋላ ምስጢሩን አወጣሁለት። ሰኢድ ሻዩን አማሰለ።

“እኔም አይቼዋለሁ” አለኝ። “በባዶ ዓይኔ፣ ከአንተ በፊት። መነጽሩን የለመንኩህ ልጁን ሳታየው ከእጅህ ላስጥልህ ብዬ ነው።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትወቅሰኝ የኖርከው?”

“ምንም እንዳላየሁ እንድታምን ነዋ። ምን ትሆን እንደሁ በምን አውቃለሁ?”

ልንስቅ ይገባን ነበር፤ አልሳቅንም። ያን ልጅ አባቱ ከእኛ ሲጠብቁት፣ እኔ ከሰኢድ፣ ሰኢድም ከእኔ ስንጠብቀው ኖረናል። ለካ ሦስታችንም የእሱ ወገን ነበርን።