ሱረያን ያዘገየው ግንብ

ሙሃና ቢን ረሺድ በመንደሩ የሚታወቀው በቴምሩ፣ በሳቁና ሚስቱን በመፍራቱ ነበር። ኮከብ ያዘገያል ብሎ የጠረጠረው ግን አልነበረም።

በኦማን ተራሮች ሥር ባለው በዚያ መንደር የመስኖ ውሃ በሌሊት የሚከፋፈለው በኮከብ ነው። ሱረያ፣ ያቺ ችምችም ያለች የከዋክብት መንጋ፣ በምሥራቅ ብቅ ስትል የሙሃና ተራ ያበቃና ውሃው ባሏ ወደ ሞተባት ጎረቤቱ ወደ ጦይባ ሎሚዎች ይዞራል። የእሷ ተራ ደግሞ ሌላ ኮከብ በምዕራብ ሲጠልቅ ያልቃል። የውሃ አባቱ፣ ሽማግሌው ዘህራን፣ መስጊዱ ደጃፍ ተቀምጦ ሰማዩን ይጠብቃል፤ "ወጣች!" ካለ ሱልጣንም ቢሆን ቦዩን ይዘጋል።

በዚያ በጋ ሚስቱ "ጣሪያ ላይ ስንተኛ ሰው ያየናል" ብላ ነዘነዘችውና ሙሃና የጣሪያውን አጥር በጭቃ ጡብ ከፍ አደረገው። ቤቱ ደግሞ በዘህራን ዓይንና በምሥራቁ ሰማይ መሐል ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ሱረያ ከግንቡ በላይ እስክትታይ ውሃው ከሙሃና ማሳ አልሄድ አለ። ሙሃና ነገሩ ገባው፤ ዝም አለ። ቴምሮቹ የፍየል ግልገል ማከል ጀመሩ፤ የጦይባ ሎሚዎች ግን ቅጠላቸው ተጠቅልሎ ፍሬያቸው የሽምብራ ታናሽ ሆነ።

"ኮከብ አይዘገይም፤ ዓይኔ ነው የደከመው" አለ አንድ ቀን ዘህራን።

"እንግዲያው አጎቴ፣ ሎሚዎቼ በዚህ ወር ካላገገሙ ነቅዬ ማገዶ አደርጋቸዋለሁ" አለች ጦይባ። ወደ ሙሃና ዞረችና፣ "ቴምርህስ እንዴት አማረ ልጄ! ለንጹሕ ልብ ነው እንዲህ የሚሰጠው።"

ሙሃና የጎረሰውን ቴምር ከነፍሬው ዋጠው።

የዚያን ሌሊት ቦዩን በጊዜ ዘጋው። ዘህራን የውሃው ድምፅ ሲለወጥ ሰምቶ ከሩቅ ጮኸ፦

"ማነው ኮከቧ ሳትወጣ ውሃ የሚዘጋ? ክፈት!"

"ለአክስቴ ለጦይባ ልስጣት ብዬ ነው..."

"ስጦታህን በቀን አድርገው! በሌሊት የሚሰጠው ኮከብ ነው!"

ሙሃና ከፈተ። የሰረቀውን ተመልሶ እንዲጠጣ በዳኛ የተፈረደበት ሌባ ከእሱ በቀር አልተፈጠረም። ዶማውን አንሥቶ ጣሪያው ላይ ወጣና ግንቡን ይንደው ጀመር።

"ሰው ያየናል!" አለች ሚስቱ አንሶላዋን እየጎተተች።

"ይየን!"

ግንቡ ሲወድቅ ሱረያ ከኋላው ቁጭ ብላለች፤ ድሮ ወጥታ፣ የሰለቻት ትመስላለች።

"ወጣች! ኧረ ከፍ ብላለች! ዓይኔ በራ!" አለ ዘህራን። ከዚያ ዶማ የያዘውን ሰው አየ።

ሙሃና መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ጣሪያ ላይ በመሆኑ መሬቷም ራቀችው።

ጦይባ ደረቅ ቦይዋ አጠገብ ቆማ ነበር። "ዓይንህስ ጤነኛ ነው አጎቴ" አለች በቀስታ። ቀና አለችና፣ "ሙሃና! ጡቦቹን ጠዋት ታመጣቸዋለህ፤ የሎሚዎቼን አጥር ፍየል ጥሶታል።"

"እሺ አክስቴ። አሁኑኑ ልውረድ?"

"ውረድ እንጂ! ውሃዬ እኮ አሁንም ያንተን ቴምር እያጠጣ ነው!"

ሮጠ። መዝጊያውን ድንጋይ በጨለማ ቢያጣው ጊዜ ወደ ቴምሮቹ በሚወስደው ቦይ አፍ ላይ ራሱ ተቀመጠ፤ ውሃውም ጀርባውን እየገፋ ወደ ሎሚዎቹ ዞረ።