እትዬ ቀጭ እና የወንድሟ ማዞሪያዎች

በሰፈራችን እትዬ ቀጭ የማይላት የለም። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ተረብ ይወዳል። "ከሥራ ስገባ የሚቀበለኝ ሚስቴ ሳትሆን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነው" እያለ ሲያማት ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። ስልክ ስታነሳ ራሱ "አቤት፣ ቀጭ ነኝ" ትላለች።

እኔ ከላይ ያለችውን ክፍሏን ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሰው ሕይወት ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም ነበር። ግን ነገሩን ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ እንደሆነልኝ ላውራው።

ሥራዋ የቤት ዕቃ ጥገና ነው። ድሮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሚጠግን ድርጅት ትሠራ ነበር፤ ድርጅቱ ሲዘጋ የቤቷን የመንገድ በኩል ክፍል ሱቅ አደረገችው። ከመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ። ግድግዳውን ተደግፈው ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች ቆመዋል። ብሎኑ በየብስኩት ቆርቆሮው ነው። ይህ ሁሉ ግን ለእሷ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ልቧ ያለው በጠረጴዛው ዳር ከሚደረደሩት ትንንሽ ሳጥኖች ላይ ነው። በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉባቸው፣ ላያቸው ላይ ማዞሪያ የተተከለባቸው ሳጥኖች ናቸው። ከእንጨቱ እስከ ሽቦው በእጇ ትሠራቸዋለች።

የምትተክለው ማዞሪያ ኢንኮደር ይባላል። እንደገባኝ ከሆነ፣ የድሮ ሬዲዮ ማዞሪያ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ዳር ሲደርስ ይቆማል። ኢንኮደር ግን ዳር የለውም፤ ቢያዞሩት ቢያዞሩት ይዞራል። ወደየት እንደዞረና ምን ያህል እንደዞረ ብቻ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ሲዞርም ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ውስጡ እርምጃውን የምትይዝ ስስ ሞላ አለች።

ኢንኮደር ስትመርጥ ማየት ራሱ ትዕይንት ነው። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋ ሥር እያዞረች ታዳምጣለች። "ይሄ ያንኮራፋል። ይሄ ደግሞ ውሸታም ነው፤ አንድ ስታዞሪው ሁለት ብሎ ይናገራል። ይሄ ግትር ነው፣ ወዲያ!" ግትሮቹ ወደ አንድ የጫማ ካርቶን ይወረወራሉ። ፈተናዋን ያለፉት ደግሞ ሆዳቸው ይከፈታል። የቆርቆሮ ጥርሳቸውን በፒንሳ ታቃናለች፣ ክዳኑን ታነሳለች፣ ሞላዋን በወረንጦ ነቅላ ትጥላለች፣ መልሳ ትገጥማለች። ከዚያ ማዞሪያው ቀጭ ማለቱን ትቶ ቅቤ ይሆናል። ሙዚቀኞቹ የሚመጡት ለዚህች ቅቤነት ነው።

ታናሽ ወንድሟ የባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ሱፍ ሳይለብስ ስለማይወጣ ሙሽራው ይሉታል። አምና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ "የሚያናድድ እንጂ የሚገድል አይደለም" ብሎ መድኃኒት ሰጠው፤ መድኃኒቱም ትንሽ ረዳው፤ ኪቦርዱ ግን አልሆነለትም። የባንዱ መሪ ክፉ ሰው አይደለም። "ኪቦርዱን ለአዲሷ ልጅ ልቀቅላት፣ አንተ ከኮምፒውተር የሚለቀቀውን ድምፅ ያዝ" አለው። ሙሽራው ማውሱን ሲይዝ ግን ቀስቷ እንደደነገጠች ጫጩት በስክሪኑ ላይ ትራወጣለች። በመጨረሻ መሪው "ቅዳሜ ልምምድ ላይ ልየው። ካልሆነ ሌላ ሰው ለመያዝ እገደዳለሁ" አለ። ሙሽራው ከልጅነቱ ጀምሮ ከባንድ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሌላ ቤትም ያለው አይመስለኝም።

እህቱ ይህን እንደሰማች ማሽኖቹን ሁሉ ትታ ሳጥን ልትሠራለት ተቀመጠች። ምርጥ ምርጡን ኢንኮደር መረጠች፣ ሞላቸውን ነቀለች፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈገችው። ሥራዋ ላይ ሰው ሲያያት ስለማትወድ በሩን ዘግታ ነበር የሠራችው። ከዚያ ሳጥኑን ከኮምፒውተር ጋር አያይዛ ሁላችንንም ጠራችን።

"በል ሙሽራው፣ ድምፁን ከሥር ቀስ አድርገህ አውጣው" አለችው።

አዞረው። ድምፁ ወጣ፤ ግን እየተንቀጠቀጠ እንደ ፍየል ነበር የወጣው።

"እታለም፣ ውስጡ ፍየል አስረሽ ነው እንዴ?" አለ ሙሽራው።

ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ፍየል። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል እጁን መልሶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ይሁን፣ ደህና ነው" አለ።

ሙሽራው በሁሉ ነገር የሚቀልድ ሰው ነው። "ደህና ነው" ካለ ደህና አይደለም።

እህቱ ሳጥኑን ሳብ አድርጋ ራሷ አዞረችው። ድምፁ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። "እኔ ጋ ይሠራል" አለች፤ ብላም በተናገረችው አፈረች። ማን እንደሚያዞረው ሳትጠይቅ፣ ልማዷ ነውና ሞላውን ሁሉ ነቅላ፣ ሳጥኑን በራሷ እጅ ልክ ሠርታዋለች። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ቅቤ ጠላት ነው፤ የጣቱን እያንዳንዱን ንዝረት ሳይቀንስ ያስተላልፈዋል።

"ሞላዎቹን መልሻቸዋ" አለ ሹፌሩ።

"ከጥራጊው ጋር ጥያቸዋለሁ።"

"ጎሽ! የኔን ካልሲ ግን ቀዳዳው ሳይቀር ታስቀምጫለሽ።"

በማግሥቱ ማዞሪያዎቹን ለማክበድ ተነሳች። ሻማ አቅልጣ ከቫዝሊን ጋር ደባልቃ ውስጣቸውን ቀባች። ጠዋት ግሩም ነበር። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ፀሐይ ሲገባ ቅባቱ ቀልጦ ወደ ውስጥ ፈሰሰና ሁለት ኢንኮደሮች ዲዳ ሆኑ።

"ፊቴን ልቀባ ብል ቫዝሊን የለም" አለ ሹፌሩ ከጓዳ። "መብራት ሲጠፋ ሻማ የለም። እዚህ ቤት ሌባ አለ፤ ያውም ፈርሜ ያገባሁት ሌባ!"

"ከመጮህ ከጋራዥ ወፍራም ግሪስ አምጣልኝ።"

አመጣላት። አሁን ዲዳዎቹን በሌሎች ተክታ፣ ግሪሱን ውስጡ ሳይሆን የማዞሪያው ዘንግ አንገት ላይ ብቻ አደረገችው። ተሻለ። ፍየሉ ግን ጨርሶ አልሄደም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልዘጋችም፤ "እዚሁ ቁጭ በልና እያንዳንዱን አንተ አዙር" ብላ ወንድሟን አጠገቧ አስቀመጠችው። እሱም ሻይ ልጠጣ ብሎ ግማሹን በሱፉ ላይ አፈሰሰ።

"ተወው ሻዩን፣ ያን መዶሻ አቀብለኝ" አለችው።

አቀበላት። መዶሻውን ተቀብላ እጁን አየችው።

"እንደገና አቀብለኝ።"

"ምኑን? ይዘሽዋል እኮ!"

"መልሼ ልስጥህና አቀብለኝ አልኩህ።"

"እታለም፣ ያመመኝ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አለ፤ ግን ተቀብሎ መልሶ አቀበላት። ሦስት ጊዜ ተቀባበሉ። እኔም ያኔ ነው ያየሁት፦ የሻዩን ብርጭቆ ሲይዝ የሚርገበገበው እጅ ከባዱን መዶሻ ሲይዝ ረጋ ይላል።

ካቻቢቴዋን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ጥቂት ቆይታ በቀሚሷ እቅፍ አንዳች የሚንኳኳ ነገር ይዛ ወጣች። የቁም ሳጥኑ እጀታዎች ናቸው፤ ክብ፣ ድፍን ነሐስ፣ አንዱ ብቻውን የእንቁላል ያህል። በትራፓኖ በሳቻቸው፣ በጎናቸው ትንሽ ብሎን አስገብታ ኢንኮደሮቹ ዘንግ ላይ አሰረቻቸው። ሙሽራው አዞረ። ነሐሱ የጣቱን ትንንሽ ንዝረት ዋጠው፤ ግሪሱ የቀረውን ያዘው፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ወጣ።

"እንደገና" አለችው። እንደገና ወጣ።

አንድ ማዞሪያ ቀረ፤ ዘፈን የሚመረጥበት። ለእሱ ቅቤም ነሐስም አይሆንም፤ እጁ ሳያስበው እንዳያልፍ እያንዳንዱ እርምጃ አጥብቆ መያዝ አለበት። እንደ ልማዷ ራሷ ልትመርጥለት ስትል ሙሽራው ቀደማት። የግትሮቹን ካርቶን ወደ ራሱ ስቦ አንድ በአንድ እያዞረ ይሞክር ጀመር።

"ይቺ።"

"እሷን? እሷ እኮ በቅሎ ናት! አንድ እርምጃ ለማስኬድ ልመና ትፈልጋለች።"

"እኔ ደግሞ የምፈልገው ካልለመኗት የማትሄደዋን ነው።"

ሳትከራከር ገጠመችለት።

ማታ ሹፌሩ ፒጃማውን ሊያወጣ መኝታ ቤት ገባ። "አንቺ ሴትዮ! ቁም ሳጥኑ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?"

"በጥፍርህ" አለችው።

ቅዳሜ ወደ ልምምዱ ሳጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ከነሐሱ ጋር ቀላል አልነበረም። የልምምዱ አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ነው። መሪው ነሐሱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ "እትዬ፣ ይሄ የበር እጀታ አይደለም እንዴ?" አለ።

"የቁም ሳጥን ነው" አለች፤ በኩራት።

መሪው ሳይስቅ ወደ ቦታው ሄደ። የመረጠው ከባዱን ዘፈን ነበር፤ ከጸጥታ ተነስቶ ቀስ እያለ፣ ዘፋኟ እስክትገባ ድረስ የሚያድግ ድምፅ ያለው። እዚያ ላይ ፍየሉ ከመጣ አለቀ። እህቱ እኔ አጠገብ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን እጅ ታያለች። እሱ ግን እጁን አያይም፤ የሚያየው ዘፋኟን ነው።

ድምፁ ተነሳ። ወጣ፣ ወጣ፣ ሞላ። ዘፋኟ ልትገባ አፏን ስትከፍት መሪው እጁን አንስቶ አጨበጨበ።

"አቁሙ! አቁሙ!"

እትዬ ቀጭ ክንዴን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ገባ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ መሪው፤ ያየው ግን ከኋላ ያለውን ድራም መቺ ነበር። "ሰውዬው ድምፁን በጊዜው አምጥቶልህ፣ አንተ ምን እየጠበቅህ ነው? ደብዳቤ ይላክልህ? ከመጀመሪያው!"

ድራም መቺው ራሱን አከከ። ሙሽራው ከባዱን ነሐስ ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ መለሰውና የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ጠበቀ።

"ቶሎ በል እንጂ" አለው ድራም መቺውን። "ሰው እየጠበቀህ ነው።"