ጥዩፏ ውቢትና ጸጥተኛው መርከብ

ውቢትን የሚያውቅ ሁሉ ጥዩፍነቷን ያውቃል። ሰው ከጠጣበት ብርጭቆ አትጠጣም። በዓል ሲመጣ ሊያጎርሳት የተዘረጋውን እጅ ሁሉ "ጠግቤያለሁ" እያለች ትሸሻለች፤ በዚህ የተነሳ የተቀየማት ዘመድ ብዙ ነው። እናቷ ወይዘሮ እታገኝ በሱዳን በኩል ወደ ካናዳ በስደት የመጡ፣ መጠለያ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጣሳ የጠጡ ሴት ናቸው። "ይቺ ልጅ ከማን እንደ ወጣች እንጃ። ደፍሮ የሚያገባት ይገኝ ይሆን?" ይሉ ነበር።

ተገኘ። ራጉኤል ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ውስጥ የመጋዘን ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ ዝምተኛና ሆደ ሰፊ ሰው ነው። ሚስቱ የታጠበ ሹካ ደግማ ስታጥብ ዝም ብሎ ያያታል።

ሥራዋ ግን ከጠባይዋ ጋር አይሄድም። እዚያው ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። አንዱ ማጅራቷ ላይ ያስላል፣ ሌላው ጫማውን አውልቆ እግሩን ወንበር ላይ ይሰቅላል፣ ሌላው የዶሮ አጥንት ግጦ ወንበር ሥር ይጥላል። "ዓይኔን መንገዱ ላይ ስለምተክል ነው እንጂ አንድ ቀንም አልውልበትም ነበር" ትላለች።

ልጃቸው ጸዮን ዘግይታ ነው የመጣችው። አራት ዓመት ሲሞላት ራጉኤል፣ በሥራ ባልደረቦቹ ወሬ ልቡ ተነስቶ፣ ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር፣ እንሂድ አለ። ከማያሚ የሚነሳ ትልቅ መርከብ ላይ ወጡ።

ውቢት ያንን መርከብ ስታነሳ እስከ ዛሬ ፊቷ ይጨማደዳል። ዋናው ገንዳ ለብ ያለና የደፈረሰ ነው፤ መሀሉ ላይ ከሰው ቁስል የተላጠ ፕላስተር ይንሳፈፋል። ቡፌው ጋ አንድ ባለ ቦርጭ ሰውዬ፣ ጡቱ ላይ ዘይት እየተንጠባጠበ፣ ጣቱን ይልስና ዳቦውን አንድ በአንድ እየነካ ይመርጣል። ኤሌቬተር ውስጥ አንዱ አስመልሷል፤ ሰዉ መጠጡን እንደያዘ እየተራመደው ይገባል። ሙዚቃው የክፍላቸውን ግድግዳ ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ችላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ጸዮን ምሳ ላይ የሆነ ነገር ስታኝክ አየቻት።

"ምንድነው አፍሽ ውስጥ ያለው?"

"ገም" አለች ልጅቱ በኩራት፣ ጣቷን ወደ ጠረጴዛው ሥር እየጠቆመች። "እዚህ ነበር፣ ማሚ። ብዙ አለ!"

ውቢት ጎንበስ ብላ አየች። የጠረጴዛው ሆድ ሰው አኝኮ በለጠፈው ማስቲካ ተዥጎርጉሯል። ልጅቱን በጣቷ አስተፍታ፣ እሷም እዚያው ተከትላ አስመለሰች። የቀሩትን ቀናት ከክፍላቸው ሳትወጣ ከቤት በያዘችው ብስኩት ጨረሰች።

"ሁለተኛ መርከብ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ" አለችው ባሏን።

አላነሳም። ግን ባሕሩን ያይ በነበረበት ሁኔታ አንጀቷን በልቷት ነበር፤ ያ ሁሉ ጩኸት እያለ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ውሃውን ሲያይ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ስለዚህ እሷ ራሷ ሌላ ፈለገች። ትንሽ፣ ጸጥ ያለ፣ ደህና ደህና ሰው የሚሄድበት መርከብ አገኘችና ደወለች። የልጆች መጫወቻ እንደሌለው ነገሯት። ሕፃናት አይከለከሉም፣ ግን ብዙም አይመጡም አሏት።

"እኔም የምፈልገው ብዙ የማይመጣበትን ነው" አለች።

በመስከረም ከሞንትሪያል የወንዝ ወደብ ተነሱ። መርከቡ ቦስተን ያደርሳቸዋል። ውቢት እንደ ገባች የበሩን ጉበን በጣቷ ጠረገች፤ አቧራ የለም። ምንጣፉ የእግር ድምፅ ይውጣል። የገበታው ጨርቅ ከመንጣቱ የተነሳ ዓይን ይወጋል። ተሳፋሪው አብዛኛው ሽበታም ነው፤ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

"ራጉኤል፣ እዚሁ እንኑር" አለች እየሳቀች። ከዓመታት በኋላ እጇን ሳትታጠብ ዳቦ ያነሳችው እዚያ ነው።

ሰዎቹ ጸዮንን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ። ፈገግታቸው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለገባ ቡችላ የሚሰጥ ዓይነት ነው፤ ያምራል፣ ግን ማን ያስወጣዋል? ውቢት ይህን አይታ እንዳላየች ሆነች።

መርከቡ ከወንዙ ወጥቶ ሰፊው ባሕር ላይ ሲደርስ መወዝወዝ ጀመረ። እራት ላይ ነበሩ። ጸዮን ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ማሚ፣ ሆዴ…" ከማለቷ ወጣ። ምንጣፉን፣ ጨርቁን፣ የራሷን ቀሚስ አዳረሰው። ሁለተኛው ሲመጣ ውቢት ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘርግታ ተቀበለችው። ሞቃት ነበር። ያቺ ጥዩፍ ሴት የልጇን ትውከት በእፍኟ ይዛ "አይዞሽ፣ ሁሉንም አውጪው" ትላለች።

ከጎናቸው የተቀመጠች፣ አንገቷ ላይ ሉል የደረደረች አሮጊት ናፕኪኗን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተነሳች።

"ከእነዚያ መርከቦች የሸሸነው ለዚህ ነበር" አለች ለባሏ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ውቢት ክው አለች። የገዛ ሐሳቧ ነው ከሰው አፍ የወጣው።

አንዲት ጎልማሳ አስተናጋጅ ፎጣ ይዛ ወደ ጸዮን ስትሮጥ ሴትዮዋ በጣቷ አስቆመቻት። "መጀመሪያ ጠረጴዛችንን ቀይሪልን። ወይኑን እንዳትረሺ።" አስተናጋጇ ልጅቱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ወይኑን አነሳች። ጸዮን እያቃሰተች ነው። የውቢት ጣቶች መሀል እየተንጠባጠበ ነው። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ሥጋውን መቁረጥ ቀጠለ፤ ቢላዋው ሳህኑን ሲነካ እንኳ ድምፅ የለውም። ያኔ ነው ውቢት የተጸየፈችው። ፎጣ ያቀበላት ራጉኤል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የምግብ አዳራሹ ኃላፊ በራቸውን አንኳኳ።

"ለእርስዎና ለልጅዎ ምቾት ሲባል ምግቡን እዚሁ ክፍላችሁ ብናመጣላችሁስ?"

"ልጄ ድናለች።"

"ገባኝ፣ እመቤቴ። ግን አንዳንድ እንግዶች…"

"እኛስ ምንድን ነን?" አለች ውቢት።

ሰውየው ፈገግታውን ሳያጠፋ ተሰናበተ። ራጉኤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ጥቂት ቀን ነው የቀረን። እዚሁ ብንበላ ምን አለበት? ሰላም ይሻላል" አላት።

"አንተ ብላ። እኔ ልጄን እንደ በሽተኛ ድመት ክፍል ውስጥ አላበላም።"

ጸዮንን አልብሳ ወጣች። ራጉኤልም ጫማውን እያሰረ ተከተላት። ኩሽናው በር አጠገብ አስቀመጧቸው። አስተናጋጆቹ በበሩ ሲመላለሱ ጸዮን ለሁሉም "ሃይ!" ትላለች፤ እነሱም ኃላፊውን ሰረቅ አድርገው አይተው ይጠቅሷታል።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ላይ ሲናፈሱ ባለ ሉሏ ሴት ብርድ ልብስ ደርባ ተጋድማ ነበር። ጸዮን ወደ እሷ ሮጠችና የያዘችውን ብስኩት ሰጠቻት። ሴትዮዋ በሁለት ጣቷ ጫፍ ተቀበለች፣ "እንዴት ያለሽ ቆንጆ" አለች። ልጅቱ ዘወር ስትል ብስኩቱን ባሕር ውስጥ ወርውራ ጣቷን ብርድ ልብሱ ላይ ጠረገች። ጸዮን ግን ዞራ አይታ ነበር።

"ማሚ፣ ጣለችው" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ውቢት ሴትዮዋ ፊት ሄዳ ቆመች። "ባትፈልጊው ኖሮ አልፈልግም ብትያት ይገባት ነበር" አለቻት። "ያሞገስሻት ግን ለምንድነው?"

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እንደሚደረገው ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ባሏ መጽሐፉን ገለጠ። ውቢት ጸዮንን አቅፋ ስትሄድ የሴትዮዋ ሽቶ ልብሷ ላይ የቀረ መሰላት፤ ክፍሏ ገብታ ሻሿንም ሹራቧንም አጠበች።

ቦስተን ወርደው ወደ ቶሮንቶ በረሩ። እሑድ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ወዳለው እናቷ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ እታገኝ ልጅቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠየቁ።

"እሺ፣ ይሄኛውስ ንጹሕ ነበር?"

"ንጹሕ ነው፣ እማ። አቧራ የለውም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?"

ውቢት ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ሉሉ፣ ናፕኪኑ፣ ያ ድምፅ የሌለው ቢላዋ ባንዴ መጡባት፤ አፏን በእጇ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች።

ራጉኤል አሁንም ባሕር ባሕር ይላል። እሷ ደግሞ ሰው የሌለበት ሐይቅ ዳር ጎጆ እንከራይ ትላለች። እስካሁን አልተስማሙም።