በበሬ የቀናሁበት ረመዳን

መጀመሪያ የመጣው ጥም ነው። ረመዳን ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፤ በዚያ ወር እዚህ ሳውዲ፣ ኾበር ዐቅረቢያ ሰፈር ውስጥ ማን የማይጠማው አለ? መግሪብ ሲደርስ እናቴ ቴምርና ጭማቂ ታቀርብልኛለች፤ ጾሙ ጎድቷታል እያለች ትደግምልኛለች። በጠጣሁ ቁጥር ይብስብኛል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጥም ከገባ በጾም አታሳብቡ፤ አስመርምሩ።

ከዚያ ማስመለስ መጣ። ትንፋሼ አጠረ። ኾበር ሆስፒታል ስደርስ ራሴን አላውቅም ነበር።

ሱዳናዊው ዶክተር ለአባቴ፣ "ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ ይባላል፤ ከስኳር በሽታ የመጣ ነው። ዕድሜ ልኳን ኢንሱሊን ትወስዳለች። ታእሚኗ እንዳይቋረጥ" አሉት። ታእሚን የምንለው የጤና መድኑን ነው። የኔ የመጣው በአባቴ ሥራ ነው፤ እሱ ከለቀቀ የኔም ኸላስ።

አባቴ ደግሞ ሊለቅ ነበር። ወሎ ውስጥ ሲያርስ ኖሮ በስተርጅናው ነው የመጣው፤ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ የአንድ ፋብሪካ ዛፍና ሣር ይንከባከባል። ከዒድ በኋላ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛውን፣ አስመትቶ፣ ሁላችንንም ይዞ፣ ክረምቱ ሳይገባ መሬቱ ላይ ሊደርስ አገር ቤት ላለው አጎቴ ቃል ሰጥቶታል። በየቀኑ ይደውልለታል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዳለቻው በሬ ነው፤ በላ ወይ፣ ትከሻው ዳነ ወይ።

ያንኑ ጥያቄ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁት። ክንዴ በመርፌ ተበሳስቷል። እህል አልቀመስኩም። የሚጠየቀው ግን በሬው ነው። ቀናሁ። ዳለቻው ጤነኛ ነው። አገሩ ላይ ነው። አባቴም ወደሱ ሊሄድ ነው።

በማግስቱ አባቴ ስለ አገር ቤቱ ጤና መድን አጎቴን ጠየቀው። ስልኩን ሲዘጋ ካርዱ እንደሚገኝ፣ ኢንሱሊኑ ግን ወረዳው ላይ አንዴ አለ፣ አንዴ ማፊ እንደሆነ ለእናቴ ነገራት። ከዚያ መልሶ ደወለ።

"ዳለቻውን ሽጠው" አለ። "መሬቱንም ለእኩል አራሽ ስጥልኝ።"

ስለ ትከሻው አልጠየቀም።

ቀስ በቀስ ኢንሱሊኑን ራሴ መውጋት፣ ስኳሬን መለካት፣ ከገበታ መቼ እጄን እንደማነሳ ማወቅ ለመድኩ፤ አሁን ትምህርት ቤት ደረጃውን ከጓደኞቼ ቀድሜ እወጣለሁ፣ አልሃምዱሊላህ፣ አባቴ ደግሞ ያን ሁሉ ፀሐይ ችሎ የውሃ ጎማውን ይጎትታል። ለሱም፣ ለዶክተሩም፣ ለነርሶቹም አላህ ይስጥልኝ። እንደኔ የታመመ ልጅ ያላችሁ፣ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት የምትሄዱበት አገር መድኃኒቱ መኖሩን አስጠይቁ፤ ካርድ አለ ሲሏችሁ ብቻ አትመኑ።

ባለፈው ጁምዓ ስለ ዳለቻው የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የገዛው ጎረቤታችን ሲነዳው፣ እኛ ማሳ ጥግ ሲደርስ ቆሞ አልንቀሳቀስም ይላል አለኝ አጎቴ። አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ አስደገመው፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሁንም ቀናሁ።