የሰባት ቁጥር አልጋ

እናቴ የኔነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ሰው የሚተኛበትን አልጋ ስታነጥፍ ኖረች። ከዚራ ሰፈር ባለው ፓልሚዬ ሆቴል፤ በባቡሩ ዘመን በተሠራው፣ ጣሪያው ከፍ፣ ግድግዳው ወፈር ባለው። እንግዳ መቀበያው ላይ በየዘመኑ ያደሩበት ትልልቅ ሰዎች ፎቶ ተሰቅሏል። አንሶላቸውን ያጠበችው ሴት ፎቶ ግን የለም። ያንን ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የሙቀቱ ወራት ሲገባ የፓልሚዬ ሠራተኞች አልጋውን ከነፍራሹ ተሸክመው በረንዳ ላይ ያወጣሉ። እንግዳው ነፋስ እየመታው ያድራል። እናቴ ስንቱን ባለሥልጣን፣ ስንቱን ፈረንጅ እንዲህ አስተኝታ፣ እሷ ግን እንደ ምድጃ ወደሚግለው ቆርቆሮ ቤታችን ትመለሳለች። ጡረታ ስትወጣ፣ “ምን እናድርግልሽ?” አልናት።

“ሰባት ቁጥር በረንዳ ላይ አንድ ሌሊት ልደር” አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ወንድሜ ኃይለየሱስ እዚሁ ከተማችን፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል፤ አሮጌ ነገር አይወድም። “አቦ ተይን እስቲ! እዚያ እኮ ውሃ በባልዲ ነው። ግድግዳው እየተላጠ!” ብሎ በቅርቡ ወደተከፈተው ቡቲክ ሆቴል ይዞን ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ገና ከመግባታችን ወንበር ሳቡላት፤ “እንኳን ደህና መጡ ማዘር” ብለው ቀዝቃዛ ፎጣ ሰጧት። ክፍሉን ሲያሳዩን እናቴ መስኮቱን ገፋ ገፋ አደረገችው።

“ይሄ አይከፈትም?”

“ኤሲ አለ ማዘር።”

አመስግና ወጣች። ባጃጅ ውስጥ፣ “ደስ ይላል” አለች። “እኔ ግን ሰባት ቁጥር ነው የምፈልገው።” ወንድሜ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ በማግስቱ ፓልሚዬ ደውዬ ክፍሉን በስሜ ያዝኩ፤ ለማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ቀኑ ሲደርስ እናቴ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ ከባጃጅ ወረደች። ተቆጣጣሪው ሚክዳድ በሩ ላይ ቆሟል። ጢም ሳያወጣ ጀምሮ ሥራውን ያሳየችው እሷ ናት። ቀሚሷንም ቦርሳዋንም አላየም።

“የኔነሽ! ወላሂ አላህ ነው የላከሽ! አልጋ አንጣፊዋ ሂቦ ዘመድ ሞቶባት ጀልዴሳ ሄዳለች፣ ነገም አትመጣም። ሰባት ቁጥር እንግዳ ሊገባ ነው፤ ቶሎ ብለሽ አንጥፊልኝ!” ብሎ አንሶላውን አሸከማት።

እንግዳዋ እሷ ናት! አፌን ስከፍት በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረጃውን ወጣች። በሚክዳድ ብቻ ሳይሆን በእሷም ተናደድኩ። ለራሷ እንግድነት ራሷ ስታነጥፍ፣ ጠርዙን ስትወጥር፣ ትራሱን ስታራግፍ ቆሜ አየሁ። እንደጨረሰች ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

ሚክዳድ ሊያይ መጣ። “ምን ሆነሻል? እንግዳው እኮ እየመጣ ነው!”

“መጥታለች” አልኩት። “ክፍሉን የያዝኩት ለእሷ ነው።”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ሶፊ፣ ሠራተኛ እንግዳ ክፍል አያድርም። ደንብ ነው። ደንበኛ ቢያያት ምን ይላል?”

“ሠራተኛ ከሆነች ጡረታ ለምን አስወጣችኋት? ካልሆነች አንሶላ ለምን አሸከምካት?” ጮህኩበት። ወንድሜ ጋ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፦ “አልነገርኳችሁም? እዚያ አዲሱ ሆቴል እንደ ንግሥት ነው የሚቀበሏት! አሁኑኑ መጥቼ እወስዳታለሁ!” ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ። አንድ ቀን ያላገለገለቻቸው ሰዎች ወንበር ሲስቡላት፣ ጉልበቷን የጨረሰችበት ቤት ደንብ ይጠቅስባታል!

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። “ኃይልዬ፣ እነዚያ ጥሩ ልጆች ናቸው። ግን አያውቁኝም። እኔ እንግዳ መሆን የፈለግኩት በሚያውቁኝ ሰዎች ፊት ነው” አለችና ዘጋችው። ከዚያ ከአልጋው ተነስታ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“ሚክዳድ፣ ክፍሉ ይሞቃል። አልጋውን ወደ በረንዳ አውጣልኝ። ሶፊ በዚያ በኩል ትይዝልሃለች።”

ለሰባት ቁጥር እንግዳ ሁሉ የሚደረግ ነው። ሚክዳድ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ጎንበስ ብሎ፣ እሷ ባሳየችው አያያዝ የአልጋውን እግር ያዘ።

ጠዋት ልወስዳት ስመጣ ጫማዋን አድርጋ፣ ፊቷ ታጥቦ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። አንሶላው ተጨማዶ፣ ትራሱ ወለሉ ላይ ወድቋል። እጄ በልማድ አንሶላውን ሊያነሳ ሲል መታ አደረገችኝ።

“ተይው።”

ወርደን ቁልፉን ሚክዳድ ፊት አስቀመጠች። “ሰባት ቁጥር አልተነጠፈም” አለችው። “አልጋውም ውጭ ነው።”

ሂቦ ዛሬም አትመጣም። እናቴ ቦርሳዋን ይዛ በዋናው በር ወጣች።