ቆማ የምትበላው ሉፔ

«ጨረቃ ወጣችልኝ ከባሕሩ ማዶ፣
ታንኳዬን ጠብቂያት…»

ሉፔ ከዚህ ወዲያ ያለውን ስንኝ አታውቀውም፤ በዜማ ብቻ ታንጎራጉረዋለች። እናቷ ከምትዘፍንላት ግማሹን ብቻ ይዛ ነው በአሥራ አንድ ዓመቷ መርከብ የተሳፈረችው። ፈተና አልፋ፣ ከቶንጋ ቫቫኡ ደሴት ወደ አገሪቱ ዋና ከተማ፣ ጎበዞች ብቻ ወደሚገቡበት ትምህርት ቤት። እዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ምሳዋን ከውኃው ታንከር ጀርባ ብቻዋን ቆማ በላች። ዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በምዕራብ ሲድኒ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። አሁንም ቆማ ነው የምትበላው።

በዚህ ቅዳሜ ግን ቆማም አልበላ ብሏታል። የወንድሟ ልጅ ካሎላይን ሁለት ባቡር ተይዞ ከሚደረስበት፣ በፈተና ከሚገባበት ትምህርት ቤት ጥሪ ደርሷታል። መልሱ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ካልተላከ ቦታው ለሌላ ልጅ ነው። ያኔ የሚቀራት ከቤታቸው አጥር ማዶ ያለው፣ ሺህ ሦስት መቶ ተማሪ የሚርመሰመስበት፣ የአጎት የአክስት ልጆቿ ሁሉ ያሉበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው።

በእኛ በቶንጋዎች ቤት በልጅ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የአባት ታላቅ እህት ነው። ሉፔ ባለፈው እሑድ «ላስብበት» አለች። ወንድም ደግሞ እህቱን ሁለቴ አይጠይቅም፤ ወንድሟ ሴሚሲ ጋራዡ ውስጥ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ቁጭ በይና ብዪ፤ ጎደሬው ቀዘቀዘ» አለች ሚስቱ ፎሎላ።

«እሱ ምን ይላል?»

«አንቺ ያልሽውን።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«እኛስ እሱን አይደል የምንጠብቀው!»

ሉፔ የወለወለችውን ጠረጴዛ ደግማ ወለወለች። መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋችው። ስምንት ሰዓት ተኩል። በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ የተቀመጠችው ካሎላይን ላይ አፈጠጠች።

«አንቺስ የቱን ነው የምትፈልጊው?»

«አክስቴ ያልሽውን።»

«እኔን ተዪኝ! አፍ የለሽም?»

ካሎላይን ጉልበቷን አቀፈች። «የአጎቴ ልጅ ሲዮኔ በፈተናው መልስ መስጫ ላይ ዓሣ ሥሎ ነው የወጣው፣ እንዳይልኩት ብሎ። እኔም መሣል እችል ነበር። ግን ሠራሁት። ምሳ ከማን ጋር እንደምበላ ብቻ ነው ያላወቅኩት።»

ሉፔ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ ጨመቀችው። ውኃ አልነበረውም።

«ትሂድ!» አለች፣ ጋራዥ ድረስ እንዲሰማ። «ምሳውን እኔ አላውቅም። እራቱን ግን በየቀኑ ከእኔ ጋር ነው የምትበላው፤ እዚህ ቤት ጠረጴዛ ላይ!»

«ላክሁት!» አለ ሴሚሲ ከጋራዡ።

«እራቱ ቁጭ ተብሎ ነው ወይስ ቆሞ?» አለች ካሎላይን።

«ባለጌ!» አለቻት ሉፔ። ወደ ቤት ተመልሳ ወንበር ሳበች፤ ተቀመጠች፤ የቀዘቀዘውን ጎደሬ ቆርሳ ጎረሰች።