ሳይንኳኳ አይጎተትም

የናፍታ ጭስ ከእርጥብ ሸራ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ዛሬም ልጅነቴን ይመልስብኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ በረዶ የሚጠርግ መኪና ከፊቴ ቆሞ፣ ሾፌሩ ወርዶ ውሃ ያቆረ ሸራ ሲያራግፍ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና፣ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ዘግቶ እስኪሄድ ድረስ እንደ ሞኝ ተገትሬ ቀረሁ። ሽታው የአባቴ ጃኬት ሽታ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ማታ እቤት ሲገባ ከእሱ ቀድሞ የሚገባው ይህ ሽታ ነበር።

አባቴ በአገር ቤት ጦር ሠራዊት ውስጥ አስር አለቃ ነበር። ሥራው መተኮስ ሳይሆን የተገለበጠ፣ የተመታ ወይም ጭቃ የዋጠው መኪና ሲኖር በካቦ፣ በወፍራም የብረት ገመድ፣ ጎትቶ ማውጣት ነበር። ቶሮንቶ ገብቶ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት መንዳት ቢጀምርም ልቡ ከዚያ ሥራ አልወጣም። የሌሎች ልጆች አባቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ተሰብስበው ወሬ ሲሰልቁ፣ እሱ አብረውት ከዘመቱት ከጋሽ ወርቁ ጋር ከከተማ ወጥቶ፣ የካናዳ ጦር አገልግለውት ያሰናበታቸውን አሮጌ ተሽከርካሪዎች ፍለጋ በየገበሬው ግቢ ይዞር ነበር። ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ አንደኛው በጎማ ፈንታ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄደው የበረዶ መኪና፣ ሁለተኛው ደግሞ ከኋላው ክሬንና ካቦ የተሸከመው፣ የወደቀውን የሚያነሳው ጎታች ነው። ጋሽ ወርቁ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ የተገዛውን ጭነው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።

በመጸው፣ ቅጠሉ ረግፎ በየጫካው የተደበቀው ብረት መታየት ሲጀምር፣ እኔንም ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። አባቴ አንድ አሮጌ መኪና ፊት ሲቆም ዋጋ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ዞሮ ዞሮ ያየዋል፣ ከዚያ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከበሩ ማጠፊያ ሥር፣ ቀለሙን በቀስታ ይፍቀዋል። ብዙ ሻጭ ተራውን መኪና አረንጓዴ ቀብቶ «የጦር ነው» ይል ስለነበር፣ ከአረንጓዴው ሥር ቢጫ ከወጣ አባቴ ሰንጢውን አጥፎ፣ «ይሄ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ሲጠርግ የኖረ ነው፤ ጦርነት በቴሌቪዥን ነው ያየው» ብሎ ይሄዳል። ከአረንጓዴው ሥር ጦሩ በበረዶ ወራት የሚቀባው ነጭ፣ ከነጩ ሥር ደግሞ ሌላ አረንጓዴ ከወጣ ግን የጦር መሆኑን ያውቃል። ያኔ ተንበርክኮ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በጣቱ ይዳብሳል፤ በጨለማ ከሩቅ እንዳይታይ ክዳን የተደረገላት ትንሽ መብራት የነበረችበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ጋሽ ወርቁ ከኋላ ሆነው፣ «አስር አለቃ፣ ለሚስትህ እንኳ እንደዚህ አላጣራህም» ይሉት ነበር።

ይህ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር። የምጠላው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው። መኪናው ተገዝቶ ሊጎተት ሲል፣ አባቴ ከኪሱ የማትለየውን አጭር መፍቻ አውጥቶ የመኪናውን ጎን ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ሻጮቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ሳቁ ይሞትባቸዋል። ሳር በውስጡ የበቀለበት፣ አይጥ የወለደችበት መኪና ቢሆንም ሳያንኳኳ አያስጎትትም። እኔም ከጋሽ ወርቁ መኪና ውስጥ ሆኜ፣ የሆነ ነገር ከውስጥ ሊመልስ ነው እያልኩ ጆሮዬን እይዝ ነበር።

አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ ኤምፕቲ ነው እኮ፣ ማንም የለም!» ብዬ ጮህኩበት።

«ሳትጠይቂ በምን አወቅሽ?» አለኝ፣ ጆሮውን ከብረቱ ሳያነሳ።

ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት። ሆቴል ላውንደሪ ትሠራ ስለነበር እቤትም ልብስ ስታጥፍ እጇ እንደ ማሽን ነው፤ ያን እሁድ ግን አንዱን አንሶላ ይዛ ቆማ ቀረች። የጎታች ሠራተኞች ደንብ ነው አለችኝ፤ የተገለበጠ መኪና ውስጥ የተረፈ ሰው ካለ የት እንዳለ ሳይታወቅ ካቦ ከተሳበ ሰውየውን የሚገድለው ረጂው ነውና፣ መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ይደመጣል። በአገር ቤት ሰሜን ግንባር፣ በዝናቡ ክረምት፣ ወንዝ ዳር የተገለበጠ አንድ መኪና አባቴ ሲያንኳኳው ከውስጥ መለሰለት። ውስጥ የነበረው አብሮት የተመለመለ የሰፈሩ ልጅ ነበር። ካቦው አጠረ፣ ወንዙ እየሞላ መጣ፣ ለቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝም ደረሰ። እየራቁ ሲሄዱ የማንኳኳቱ ድምፅ ከኋላቸው ይሰማ ነበር።

«ብረት የሚሰበስብ እንዳይመስልሽ» አለች እናቴ፣ አንሶላውን መልሳ እያጠፈች። «ያንን ድምፅ ነው የሚፈልገው። አንድ ቀን ያገኘውና ተከትሎት ይሄዳል ብዬ ነው እኔ የምፈራው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ፍርሃት የእኔም ሆነ።

ክረምት ሲገባ ያን ሁሉ ዓመት የፈለገው የበረዶ መኪና ተገኘ። ከፊት ካቢና፣ ከኋላ ወታደር የሚጫንበት የብረት ሳጥን የነበረው ባለ ሰንሰለት ነው። ኢቶቢኮ መጋዘኖቹ ጀርባ በተከራየው ግቢ አቁሞ፣ አውሮፕላን በአናቱ እያለፈ፣ ጣቱ በብርድ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ሞተሩን ፈቶ ገጠመው። እናቴ ምሳ ስታመጣለት ከአጥር ውጭ ቆማ ነበር የምትሰጠው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ቀን አልረገጠችም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ደወለለት። እርሻው ውስጥ ካለው ኩሬ ማዶ የጦር ጎታች ቆሟል፤ ዙሪያው ረግረግና ጫካ ስለሆነ ኩሬው በረዶ ሆኖ ሳለ ካልሆነ በቀር ማውጣት አይቻልም፤ የሚፈልገው ከሆነ ማልዶ ይምጣ። አባቴ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። በበረዶ መኪናው ኩሬውን ተሻግሮ ጎታቹን ሊጎትት ነው።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አለች እናቴ።

«ውሃ አይደለም፣ በረዶ ነው።»

«በረዶስ ምንድን ነው?»

አባቴ ጃኬቱን አንስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ካፖርቷን ለብሳ ከእኛ ቀድማ ጋሽ ወርቁ መኪና ላይ ወጥታ ተቀምጣ አገኘናት።

የበረዶ መኪናውን ጭነን ማልደን ደረስን። ሽማግሌው የኩሬውን አቅጣጫ በእጁ አሳይቶን፣ ቶሎ ጨርሱ ብሎ ወደ ከተማ ሄደ። በረዶው ነጭና ጠንካራ ነበር፣ ትንፋሻችን ይጨሳል። አባቴና ጋሽ ወርቁ ግን አልቸኮሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ያወጡት ከጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ጠዋት በጤዛ ይላላል፣ ፀሐይ ስትመታው ይጠነክራል። ስለዚህ እንደለመዱት ተቀመጡ።

«ፀሐይ ትውጣና መሬቱ ይጠንክር» አለ አባቴ። ጋሽ ወርቁም ልክ ነው በሚል ራሳቸውን ነቅንቀው ከእናቴ ፔርሙዝ ሻይ ቀዱ። እኔ እዚህ አገር ተወልጄ፣ ፀሐይ በረዶን ምን እንደምታደርገው በየዓመቱ እያየሁ፣ ትልልቅ ሰዎች ያውቃሉ ብዬ ዝም አልኩ። ከጎተራው ጣሪያ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ እየቸኮለ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ አባቴ እጁን አፋትጎ ተነሳና የበረዶ መኪናውን እየነዳ ኩሬው ላይ ወጣ።

ኩሬው መሐል ሳይደርስ ነው የሆነው። እንደ ትልቅ ሸራ ቀደዳ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ የመኪናው አፍንጫ ወደ ታች ሄደ፣ ጥቁር ውሃ ካቢናውን ዋጠው፣ የኋላው ሳጥን ብቻ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ቀረ።

ጋሽ ወርቁ ካቦውን ከመኪናቸው መዘው ወደ በረዶው ሮጡ። ከሰመጠው መኪና የኋላ መንጠቆ ላይ አስገብተው ሊስቡ ነው። እናቴ ክንዳቸውን ያዘች።

«ሳያንኳኩ አይጎትቱም!»

«ልቀቂኝ፣ ይሞታል!»

«የት እንዳለ ሳያውቁ አይጎትቱም አልኩ!»

ከጋሽ ወርቁ መኪና ላይ መሰላል አወረደች፣ በረዶው ላይ አጋድማ በሆዷ ተሳበች፤ በሆቴል አንሶላ ያለቀ እጇ ውስጥ ከጋሽ ወርቁ መሣሪያ ሣጥን ያነሳችው መፍቻ ነበር። ያን ድምፅ ያን ያህል ዓመት የጠላችው ሴት ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ያን ቀን አየሁት። የሳጥኑን ጎን ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን ለጠፈች። ከጎተራው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። እንደገና መታች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ሳልይዝ፣ መልስ እባክህ፣ መልስ እያልኩ ቆምኩ።

መለሰ። ድምፁ ደካማ ነበር፣ ከኋላ፣ ከሳጥኑ ጣሪያ ሥር። ከካቢናው ወደ ኋላ በሚያሳልፈው መስኮት ተሹለክልኮ አየር በቀረበት በሳጥኑ ጥግ ተጣብቆ ነበር። ጋሽ ወርቁ ካቦውን ጥለው በመሰላሉ ተሳቡና፣ የጠመመውን የኋላ በር በዲጂኖ ፈልቅቀው ጎትተው አወጡት። ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ በረዶው ከሥሩ ሲከዳው ሰመጠ። ካቦው ተስቦ ቢሆን ኖሮ በረዶው ቀድሞ ይከዳውና አባቴም አብሮት ይሄድ ነበር።

ሽማግሌው ከከተማ ሲመለስ አባቴን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘው። ለምን ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቃችሁ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። አባቴ ሊያስረዳው ሞከረ፣ አቃተውና እናቴን አያት።

«ሰማሁሽ» አላት። «ወዲያው ሰማሁሽ። ያ ልጅም እንደዚህ ነበር የሰማኝ።»

ከዚያ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በጋ ሲመጣ ግቢው ውስጥ የቀሩትን አንድ በአንድ ለሌሎች ሰብሳቢዎች ሰጠ፤ እያንዳንዱ ሲጫን ግን ማንኳኳቱን አልተወም። ለራሱ ያስቀረው ያችን ከኪሱ የማትለየውን አጭር መፍቻ ብቻ ነው።

አሁን አርጅቶ እኔ ዘንድ፣ ቤዝመንት ነው የሚኖረው። ጆሮው ደክሟል፣ ጉልበቱም እንደዚያው። እናቴ በሕይወት ሳለች ጠዋት ጠዋት በሩን የምታንኳኳለት እሷ ነበረች፤ ካረፈች ወዲህ ሥራው የእኔ ሆኗል። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ወርጄ አንኳኳለሁ፣ እሱም ድምፁን ከማውጣት ይልቅ አልጋው አጠገብ ያለችውን መፍቻ አንስቶ የአልጋውን ብረት ይመታል። ያኔ መኪና ውስጥ ጆሮዬን የምይዘው ከብረቱ ውስጥ መልስ እንዳይመጣ ፈርቼ ነበር። አሁን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። መልሱ ከዕለት ወደ ዕለት እየዘገየ ነው። ዛሬ ጠዋት በጣም ከመዘግየቱ የተነሳ የበሩን እጀታ ይዤ ነበር፤ ግን መጣ።